ጫማው ከተሰቀለ በኋላ፦ ከመንግሥቱ ወርቁ እስከ ደብረ ታቦር ሜዳ

ደብረ ታቦር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ናት፤ ከጉና በኩል የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። በዚያ ሰዓት ሃያ የሚሆኑ ልጆች ሜዳ ላይ ይሮጣሉ። ገሚሶቹ ያደረጉት የፕላስቲክ ጫማ ነው። ያሏቸው ኳሶች ሦስት ሲሆኑ አንደኛዋ በነፏት በማግሥቱ ትተነፍሳለች።

የሚያሰለጥናቸው ልጅ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ስሙን አንጠራም፣ እሱም እንድንጠራው አልፈለገም። ለአንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ ተጫውቶ ጉልበቱን ተጎዳና በ24 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ከክለቡ ጋር ሲለያይ የሦስት ወር ደመወዝ ይቀረው ነበር፤ እስከ ዛሬ አልተከፈለውም። አሁን ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ያሰለጥናል፣ ከዚያ ባጃጅ ይነዳል። ለማሰልጠኑ የሚከፍለው የለም።

አንድ ቀን አጠገቡ ቆመን እያየን አንዱ ልጅ፣ "ኮች፣ ለምን ለዋልያዎቹ አልተጫወትክም?" አለው።

"ጉልበቴ እምቢ አለኛ" አለና ፊሽካውን ነፋ።

በኋላ ሻይ እየጠጣን፣ "አንድ ዓመት እሞክራለሁ። የላይሰንስ ስልጠና ካላገኘሁ ግን በቃ፣ እተወዋለሁ" አለን። ይሄ ልጅ ከተወው ያ ሜዳ ላይ የሚቀረው ሃያ ልጅና ሁለት ኳስ ተኩል ነው።

እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከነክነን ነበር። አንድ ተጫዋች መጫወት ሲያቆም የሚያውቀው ነገር ሁሉ የት ይገባል? አሰልጣኝ የሚሆነውስ እንዴት ነው? መልሱን ስንፈልግ ወደ አንድ የድሮ ስም ተመለስን።

▪️ ጥር 13 ቀን 1954

መንግሥቱ ወርቁን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋቸዋላችሁ። ትውልዳቸው ጎንደር ነው ይባላል፤ እግር ኳስን የኖሩት ግን አዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ በቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን ስትገጥም ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ወጣት ነበሩ።

የዚያን ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታለች። መጀመሪያ 1 ለ 0። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፣ ግብፆች በደቂቃ ውስጥ መልሰው አገቡ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። 117ኛው ደቂቃ ላይ አራተኛውን ያገቡት መንግሥቱ ናቸው። 4 ለ 2 አለቀ።

መንግሥቱ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ ላይም ሁለት ጎል አስቆጥረው ስለነበር በውድድሩ በ3 ጎል ከግብፃዊው ባዳዊ ጋር ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆኑ። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪካቸው በአጠቃላይ 10 ጎል አላቸው።

እዚህ ድረስ ሁላችንም የምንኮራበት ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ የማናነሳው ግን ያንን ቡድን ማን ሰራው የሚለውን ነው።

አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ አብረዋቸው ዩጎዝላቪያዊው ስላቭኮ ሚሎሼቪች ሠርተዋል። ይድነቃቸው ደግሞ ራሳቸው የጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበሩ ናቸው። ተጫዋች፣ ከዚያ አሰልጣኝ፣ ከዚያ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የካፍ ፕሬዚዳንት። ልብ በሉ፣ መንግሥቱ ወርቁ ያደጉት ሜዳውን በእግሩ በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። አንድ ተጫዋች ቀጣዩን ሠራ ማለት ነው። ሰንሰለቱ ያኔ አልተበጠሰም ነበር።

▪️ ከ20 ዓመት በኋላ ሊቢያ

መንግሥቱ ጫማ ሰቅለው ወደ አሰልጣኝነት ገቡ። በ1974 ዓ.ም የሊቢያው አፍሪካ ዋንጫ ላይ የኢትዮጵያ አሰልጣኝ ሆነው ቀረቡ። ከግብፁ ጨዋታ ድፍን 20 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ምድቡ ከባድ ነበር። ናይጄሪያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች፤ ዛምቢያና አልጄሪያም እዚያው ናቸው። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣን። አንድ ነጥብ ይዘን፣ አንድም ጎል ሳናገባ ተመለስን።

ውጤቱን ብቻ ካያችሁ "ታዲያ ምኑ ይወራል?" ትላላችሁ። እሺ፣ ያቺን 0 ለ 0 ግን ደግማችሁ እዩዋት። ያ የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ ዓለም ዋንጫ ሄዶ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈው ቡድን ነው። የመንግሥቱ ልጆች ያንን ቡድን ነው ጎል የከለከሉት።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከዚያ ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። በ1974 ዓ.ም የመጨረሻ ሆነን መመለሳችን ያኔ ውርደት መስሎ ታይቶ ይሆናል። ዛሬ ስናየው ግን አንድ ተጫዋች የነበረ ሰው የያዘው ቡድን ለረጅም ጊዜ የከፈተልን የመጨረሻው በር ነበር።

የ1954ቱ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም አሰልጣኝ ሆነው ነበር። በደርግ ጊዜ ግን አገር ጥለው ወጡ፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን ጣሊያን ኖረው በ2022 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ አረፉ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበሉት ሰው የሚያውቁትን ለእኛ ልጆች ሊያስተላልፉ የሚችሉበትን ዘመን በስደት ጨረሱት። መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም ዐረፉ፤ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ሳያዩ።

▪️ ሌሎቹ ምን አደረጉ?

የአፍሪካ ዋንጫን እንደ ተጫዋችም እንደ አሰልጣኝም ካሸነፉት ሰዎች ሁለቱን እንይ። የሚገርመው ሁለቱም በእኛ በኩል አልፈዋል።

የመጀመሪያው ግብፃዊው ማህሙድ ኤል ጎሃሪ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ኢትዮጵያ 4 ለ 0 ስትሸነፍ ሦስቱን ጎል ያገባው እሱ ነበር። በ1998 ደግሞ ግብፅን እያሰለጠነ ዋንጫውን ወሰደ።

ሁለተኛው ናይጄሪያዊው ስቴፈን ኬሺ ነው። በ1994 አምበል ሆኖ፣ በ2013 አሰልጣኝ ሆኖ አሸነፈ። ዋልያዎቹን በ2013 ሩስተንበርግ ላይ 2 ለ 0 ያሰናበተን ቡድን የኬሺ ነው። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ሲቀረን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 የረታንም የኬሺ ቡድን ነው። እኛ ያንን ዘመን "ናይጄሪያ አስቀረችን" ብለን እናስታውሰዋለን። አስቀሪው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ትምህርቱን የቀጠለ አንድ ተከላካይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያሉትንም ተመልከቱ፦

🔹 2019፦ አልጄሪያ፣ አሰልጣኝ ጃሜል ቤልማዲ፣ የቀድሞ የአልጄሪያ ተጫዋች።

🔹 2021፦ ሴኔጋል፣ አሰልጣኝ አሊዩ ሲሴ። ሲሴ በ2002ቱ ፍጻሜ አምበል ሆኖ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ሰው ነው። ልክ በ20 ዓመቱ፣ በየካቲት 2022፣ ቡድኑ ግብፅን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ።

🔹 2023፦ ኮትዲቯር፣ አሰልጣኝ ኤመርስ ፋኤ፣ የቀድሞ የኮትዲቯር ተጫዋች።

የፋኤን ነገር ትንሽ እናብራራው፣ ምክንያቱም ከደብረ ታቦሩ ልጅ ጋር ይመሳሰላል። ፋኤም በሕመም ምክንያት ነው ያቆመው፤ የደም ሥር ሕመም ይዞት በ28 ዓመቱ ጫማ ሰቀለ። ልዩነቱ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ይጫወትበት የነበረው የፈረንሳዩ ኒስ ክለብ ታዳጊዎችን እንዲያሰለጥን ቦታ ሰጠው። ከታዳጊ ጀመረ፣ ደረጃ በደረጃ ወጣ፣ የኮትዲቯር ምክትል አሰልጣኝ ሆነ። በ2024 መጀመሪያ አገሩ ራሷ ባዘጋጀችው ውድድር በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተሸንፋ ዋናው አሰልጣኝ ሲሄድ ቡድኑን ተረከበ። ናይጄሪያን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ።

አንዱ ሲታመም ክለቡ ታዳጊ ቡድን ሰጠው። ሌላው ሲጎዳ ክለቡ ደመወዙን ይዞበት ቀረ። ይኸው ነው ልዩነቱ።

"እነሱ እኮ ሀብታም አገር ውስጥ ነው የተጫወቱት" የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን ጎረቤታችንን ደቡብ ሱዳንን እንይ፣ ስፖርቱ ቅርጫት ኳስ ቢሆንም። አገሪቱ ነጻ የወጣችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ደረጃውን የጠበቀ የቤት ውስጥ ሜዳ እንኳ አልነበራትም። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የሆነው ሉዎል ዴንግ ነው፣ የቀድሞ የኤንቢኤ ተጫዋች። ዴንግ ራሱ ካይሮ ውስጥ ስደተኛ ልጅ ሆኖ ሳለ ኳሱን ካስተማሩት አንዱ ሌላው የኤንቢኤ ተጫዋች ማኑት ቦል ነው። አሰልጣኝ አድርጎ ያመጣው ሮያል አይቪም ኤንቢኤ ተጫውቶ ያለፈ ሰው ነው። ይህ ቡድን በሐምሌ 2024 ለንደን ላይ እነ ሌብሮን ጄምስ ካሉበት የአሜሪካ ቡድን ጋር ተጫውቶ የተሸነፈው 101 ለ 100 ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፈ።

ገንዘብ ወሳኝ ነው፣ አንክድም። ግን ደቡብ ሱዳን ላይ ሥራውን የጀመሩት ተጫውተው ያለፉና ለተተኪው የተመለሱ ሰዎች ናቸው።

▪️ ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ጥሩ አሰልጣኝ ነው ወይ?

አይደለም። ይሄን በግልጽ እንናገር፣ አለበለዚያ ክርክራችን ውሸት ይሆናል።

ለዚህ ከአሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የተሻለ ምሳሌ የለም። አርሲ ውስጥ በቆጂ ላይ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ዝነኛ ሯጭ ሆነው አያውቁም። ግን ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የመጀመሪያውን ስልጠና ያገኙት ከእሳቸው ነው። በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ታቦርም ከዚያ ብዙም አትርቅም። አየሩ ተመሳሳይ ነው፣ ብርዱ ተመሳሳይ ነው፣ ድንቹና ገብሱም እንደዚያው። ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው።

ታዲያ በቆጂ የዓለም ስም ስትሆን የደቡብ ጎንደር ደጋ ለምን አልሆነም? ከፍታ ብቻ ሯጭ ቢያወጣ ኖሮ የጉና እረኛ ሁሉ ሜዳሊያ ያጠልቅ ነበር። በቆጂ የነበራት አንድ ትልቅ ነገር፣ ከዓመት ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ የቆመ አሰልጣኝ ነው።

እንግዲህ ነጥባችን እዚህ ላይ ነው። አሰልጣኝን አሰልጣኝ የሚያደርገው ዝናው አይደለም። ሁለት ነገር ነው፦ መማሩና መቆየቱ። የቀድሞ ተጫዋች አንድ ብልጫ ይኖረዋል፤ ሜዳውን ያውቀዋል፣ ልጆች ይሰሙታል። መማሪያ ካልተሰጠውና እንዲቆይ ካልተደረገ ግን ያ ብልጫ ባጃጅ ላይ ይቀራል።

▪️ እኛ ጋ ያለው እውነታ

መቆየትን እንውሰድ። ከሰውነት ቢሻው በኋላ፣ ከ2006 እስከ 2017 ዓ.ም ባለው ጊዜ ብቻ ብሔራዊ ቡድኑን ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ ድጋሚ ገብረመድህን ኃይሌ፣ ከዚያ መሳይ ተፈሪ ይዘውታል። አሊዩ ሲሴ ሴኔጋልን የያዘው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዋንጫውን ያገኘው በሰባተኛ ዓመቱ ነው። እኛ በሰባት ዓመት ስንት አሰልጣኝ እንደምንቀይር ከላይ ቁጠሩት።

ችሎታ ስለሌለን ነው እንዳትሉ። ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም ጅማ አባ ጅፋርን፣ በቀጣዩ ዓመት መቀሌ 70 እንደርታን፣ ሁለት የተለያዩ ክለቦችን በተከታታይ የሊጉ ሻምፒዮን አድርገዋል። አብርሃም መብራቱ ጦርነት ላይ የነበረችውን የመንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አሳልፈዋል። ሰው አለን። ሰውን የምናቆይበት ትዕግሥት ነው ያጣነው።

መማርን ደግሞ እንይ። ካፍ የአሰልጣኝነት ፈቃድን በደረጃ ከፍሎታል፦ ከታች ከዲ ተነስቶ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ እስከ ፕሮ ይደርሳል። በካፍ የክለቦች ውድድር ላይ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ለመቀመጥ ኤ ያስፈልጋል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ በወሬ አሰልጣኝ መሆንን ይከለክላል። ችግሩ መሰላሉ የቆመበት ቦታ ነው። ለደብረ ታቦሩ ልጅ የመጀመሪያዋ ደረጃ ራሷ ሩቅ ናት። ስልጠና ሲከፈት ወሬው የሚደርሰው ትልቅ ክለብ ውስጥ ላለና ሰው ለሚያውቅ ነው። ቢሰማም መንገድ አለ፣ አልጋ አለ፣ ባጃጁን አቁሞ የሚያጣው የቀን ገቢ አለ።

መንገዱ ደግሞ የምታውቁት ነው። ከደብረ ታቦር ወረታን አልፎ ባሕር ዳር ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድሮ ግማሽ ቀን እንኳ የማይፈጅ ጉዞ ነበር። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ግን በክልላችን ጦርነት አለ። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበት ጊዜ ነበር። ልጆቹ ሳይሰለጥኑ የሚውሉበት ጠዋትም አለ። አንድ እናት ልጇን 12 ሰዓት ላይ ወደ ሜዳ ለመላክ በሩን ከፍታ መጀመሪያ የምታዳምጠው ድምፅ እንዳለ ነው።

አንዳንዱ "በዚህ ጊዜ ስለ ኳስ ታወራላችሁ?" ይለናል። እንረዳዋለን። ግን በዚህ ጊዜ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በየጠዋቱ የሚጠብቀው ሰው፣ የሚሄድበት ቦታና የሚሰማው ፊሽካ መኖሩ ትንሽ ነገር ነው? እኛ ትንሽ አይመስለንም።

▪️ ጋፋት ቅርብ ናት

ደብረ ታቦር ይሄን ታሪክ አንዴ ኖራዋለች። አጠገቧ ጋፋት አለች። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ በመጡ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። መድፉ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፣ ዛሬም እዚያው አለ። ንጉሡ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሄዱ፤ ጋፋት ላይ የተጀመረውም ሥራ በዚያው ቀዘቀዘ። ለተከታዩ ትውልድ ያልተላለፈ ሙያ እንደዚህ ነው። የ1954ቱም ዋንጫ ለእኛ እንደ ሴባስቶፖል ሆኗል፤ እንኮራበታለን፣ እንዴት እንደተሠራ ግን አልወረስንም።

ምን ይደረግ ካላችሁን፣ በጣም ውድ ያልሆኑ ሦስት ነገሮች እንጠቁማለን።

1️⃣ የዲና የሲ ስልጠና ወደ ዞን ከተሞች ይምጣ። ሃያ ሰልጣኝ ወደ አዲስ አበባ ከሚሄድ ሁለት አስተማሪ ወደ ደብረ ታቦር ቢመጣ ይቀላል። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲም ክፍልና ሜዳ ቢያበድር የሚጎዳው ነገር የለም።

2️⃣ የተጫዋች ውል ላይ ስለ "ከዚያ በኋላ" የሚል አንቀጽ ይግባ። ክለቡ ተጫዋቹ ገና እየተጫወተ የመጀመሪያውን ላይሰንስ እንዲወስድ ያድርግ። ተጎድቶ ቢያቆም ቢያንስ በታዳጊ ቡድኑ ውስጥ ቦታ ይሞክርለት። ኒስ ለፋኤ ያደረገው ይሄንኑ ነው።

3️⃣ በየሜዳው በነጻ የሚያሰለጥኑት ይመዝገቡ። የወረዳና የከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ማን የት ስንት ልጅ እንደሚያሰለጥን ካወቁ፣ ስልጠና ሲመጣ ቀድሞ የሚጠራው በትውውቅ የመጣው ሳይሆን ሜዳ ላይ ያለው ይሆናል።

አንዳቸውም ስታዲየም መገንባት አይጠይቁም። ስታዲየሙን እንኳ ተዉት፤ የባሕር ዳሩ ሜዳ በካፍ ከታገደ ጀምሮ ብሔራዊ ቡድናችን "የሜዳውን" ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ሲጫወት ኖሯል። ያ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። አንድን የ28 ዓመት ልጅ ከባጃጅ ወደ ሜዳ መመለስ ግን አይፈልግም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደውለንለት ነበር። "አለህ?" አልነው።

"አለሁ። አንዷ ኳስ ግን አበቃላት" አለን እየሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ልጅ እንዳገኘ ነገረን። ግራ እግር ነው፣ 13 ዓመቱ ነው፣ ከፋርጣ ገጠር አንድ ሰዓት በእግሩ እየተጓዘ ነው የሚመጣው። "ይሄን ልጅ ብታዩት..." አለና አልጨረሰውም።

ለራሱ ከሰጠው አንድ ዓመት ውስጥ አምስት ወር አልፏል።